የአዴ ቤት የፈረሰበት ክረምት

ሰሞኑን አከራዬ የጓሮ ክፍሎቻቸውን ጭቃ ያስመርጋሉ። ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ሲሰነብት የሚያመጣውን ሽታ ታውቂው እንደሆነ እንጃ። ኮምጠጥ ያለ፣ እርሾ እርሾ የሚል፣ ትንሽ ደግሞ የከብት በረት የሚያስታውስ ሽታ ነው። ተከራዩ ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ያልፋል። እኔ ግን ዛሬ ጠዋት መስኮቴን ከፍቼ ስስበው ቆየሁና ሥራ ረፈደብኝ። ቆቦና ያ ክረምት ከነግርግሩ ድቅን አለብኝ። ብቻዬን ስስቅ አይታኝ የጎረቤቴ ልጅ ለእናቷ ሄዳ ነገረች።

እስኪ አንቺም ስሚውና ፍረጂ።

ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቴን ጨርሼ ለክረምት ወደ ቤት ተመልሼ ነበር። የቆቦ ክረምት እንደ ደጋው ክረምት አይደለም። ሙቀቱ አይለቅሽም። ዝናቡ ሲመጣ መጀመሪያ ከዞብል ተራራ በኩል አቧራ ይነሳል፣ ነፋስ ይከተላል፣ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የተበተነ ይመስል ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ምንም እንዳልተፈጠረ ፀሐይ ትወጣለች፤ መሬቱ ይጨሳል፤ ማሽላው ዓይንሽ እያየ ያድጋል። ከየዩኒቨርሲቲው የተመለስን ልጆች ሥራ ፈትተን አስፋልት ዳር ስንደረደር ያየን ቀበሌ ሰበሰበንና የክረምት በጎ ፈቃደኞች አደረገን። ነጭ ቲሸርትም አደለን። ሁሉም አንድ ልክ ስለነበር ለእኔ ቀሚስ ሆነኝ፤ የአለቃችንን እምብርት ግን አልሸፈነም።

አለቃችን የምህንድስና ተማሪ ነበር። የተማረው ገና አንድ ዓመት ነው፤ እሱንም ሂሳብና እንግሊዝኛ ሲማር ነው የጨረሰው። እኛ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረን "ኢንጂነሩ" አልነው፤ እሱም አልተቃወመም።

ሥራችሁ የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ ነው ተባልን። የመጀመሪያዋ ቤት የማን እንደሆነች ስሰማ ክው አልኩ። የጎረቤታችን የአዴ ቤት ነበረች።

አዴ ስማቸው አይደለም፤ እኛ ሰፈር ትልቅ ሴት የምትጠራው እንዲያ ነው። ባላቸው ወደ አፋር በረሃ ግመል እየነዱ ጨው የሚያመላልሱ ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ልጅም አልነበራቸውም። አዴ ባላቸው በእጃቸው በሠሯት የጭቃ ቤት ከአንዲት ጥቁር ዶሮ ጋር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ቀድሟቸው የሚደርስ የሚመስል አገጭ ያላቸው ሴት ነበሩ።

ክው ያልኩት ለምን መሰለሽ፣ አዴና እናቴ አይነጋገሩም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ከአዴ ግድግዳ ጥግ የቆርቆሮ ማድ ቤት አሠራች። ዝናብ ሲዘንብ የማድ ቤቱ ውሃ ቀጥ ብሎ የሚወርደው እሳቸው ግድግዳ ሥር ነው። አዴ "አሸንዳ አስደርጊበት" አሏት። "ለከርሞ" አለች። ከርሞ ደርሶም "ለከርሞ" አለች። አንድ ቀን በዝናብ መሀል በአጥሩ ግራና ቀኝ ቆመው ሲነጋገሩ በመስኮት አየኋቸው። ምን እንደተባባሉ ዝናቡ አላሰማኝም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሰላምታ ቀረ። እኔና እናቴ ሁለታችን ብቻ ስለነበርን የቤታችን ዝምታ ላይ የጎረቤቱ ዝምታ ተጨመረበት። እናቴ ስማቸውን ማንሳት ሲኖርባት "እኚያ ሴትዮ" ትላለች። እሳቸውም "ያቺ ባለ ማድ ቤቷ" ይሏታል።

ቤቱን ልናይ የሄድን ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር ከፊት፣ ኢንጂነሩ ከጎኑ፣ እኛ ከኋላ ሆነን ደረስን። አዴ ከቧንቧ ውሃ ቀድተው ቢጫ ጀሪካን በጀርባቸው አዝለው እየመጡ ነበር። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጀመረ።

"እናታችን፣ ዘንድሮ ወጣቶቻችን የአቅመ ደካሞችን ቤት ሊያድሱ ተነስተዋል።"

አዴ ጀሪካኑን ሳያወርዱ አዳመጡት። "የማንን ቤት?"

"የአቅመ ደካሞችን።"

"ማሻ አላህ፣ ደግ ነገር ነው" አሉ። "አቅመ ደካማዋን ስታገኟት ንገሩኝ፤ እኔም መጥቼ አግዛታለሁ።"

ይህን ብለው ውሃቸውን እንዳዘሉ ገቡና በሩን ዘጉብን።

ብዙ ተመላለስን። በመጨረሻ የመስጊዱ ሼህ መጥተው "አላህ ሰበብ አድርጎ የላካቸውን ልጆች አትመልሺ" ሲሏቸው እሺ አሉ። ሆኖም ሁለት ነገር አስማሉን። አንደኛው፣ የቤቱ ምሰሶ እንዳይነካ ነው። ኢንጂነሩ ምሰሶውን ዞር ዞር ብሎ አየና "እናቴ፣ ይሄ እኮ ጎባጣ ነው" አላቸው። "ባለቤቴም ጎባጣ ነበር" አሉት፤ "ቤቱን ግን ይዞ ኖሯል።" ሁለተኛው፣ ከግቢያቸው እንዳናስወጣቸው ነው። ለትንሽ ጊዜ ብቻ ተብለው ከቤታቸው ወጥተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ሰምተዋል። "እግሬ ከዚህ ከወጣ መሬቱ የእኔ መሆኑን የሚያስታውስ አይገኝም" ሲሉ ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠነ። ያኔ የትልቅ ሰው ግትርነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ፣ ቤት ልቀቂ በተባልኩ ቁጥር ፍራሼን ጋሪ ላይ ስጭን፣ ያ የቀጠነ ድምፅ ይሰማኛል።

ሥራው በሥነ ሥርዓት ተጀመረ። "የአቅመ ደካሞችን ቤት እናድሳለን" የሚል ባነር በግቢው ዛፍና በአጥሩ መሀል ተወጠረ። ፎቶ አንሺ መጣ። የአዴ ዕቃ ቀድሞ ደጅ ወጥቷል። እቅዱ ቀላል ነበር። ሊቀመንበሩ ለፎቶ ያህል አንድ ጊዜ በዶማ መታ ያደርጋል፤ ከዚያ እኛ የተጎዳውን የጓሮ ግድግዳ ብቻ በጥንቃቄ አንስተን በአዲስ እንተካለን።

ሊቀመንበሩ መታ አደረገ። ፎቶ አንሺው "አልታየም፣ ትንሽ ጠንከር" አለው። ሊቀመንበሩ እጅጌውን ሰብስቦ ጠንከር አደረገ።

ግድግዳው ተነፈሰ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ እንደ ሰው እፎይ አለ። ከዚያ ወገቡ ተሰበረና ወደ ውስጥ ተኛ። ያረጀው ቆርቆሮ ተከተለው፤ ሌሎቹ ግድግዳዎችም ብቻችንን ምን እንሠራለን ያሉ ይመስል አንድ በአንድ ተቀመጡ። ሊቀመንበሩ ዶማውን ጥሎ አስፋልቱ ድረስ ሮጠ። አቧራው ሲገለጥ ከቤቱ ቆሞ የቀረው ያ ጎባጣ ምሰሶ ብቻ ነበር። ጫፉ ላይ ጥቁሯ ዶሮ ወጥታለች። ባነሩ አልተነካም፤ እናድሳለን እንዳለ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ፎቶ አንሺው ይህንንም አነሳ።

አዴ ፍርስራሹን ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። ከዚያ ወደ ኢንጂነሩ ዞረው፣ "በሉ እንግዲህ፣ አሁን ማደስ ትችላላችሁ" አሉት።

ከወደቁት ግድግዳዎች አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። የሌሎቹ ጭቃ ደርቆ እንደ ሸክላ ተሰባብሯል፤ በእኛ ማድ ቤት በኩል የነበረው ግን እስከ ወገቡ ጥቁርና እርጥብ ነው፤ እንጨቱ በጣት ሲነኩት ይፈርሳል። ያን ጊዜ እናቴ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ ታይ ነበር። ግድግዳውን አየችው። ፊቷ ልውጥ አለና ገባች። አዴም አይተዋታል፤ ግን ምንም አልተነፈሱም። ቢናገሩ ይሻል ነበር።

ጥቂት ቆይታ እናቴ ተመልሳ ወጣች። አዴ ከእሷ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ቆመዋል። እሷ ግን የምታየው እኔን ነው።

"ንገሪያቸው" አለችኝ። "ዕቃቸውን ወደዚህ ያስገቡ በያቸው።"

አዴ ሰማዩን ቀና ብለው አዩት። በዞብል በኩል ጠቁሯል። እሳቸውም ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

"ለእናትሽ ንገሪያት። ከመስኮቷ ግቢዬ ይታያል ወይ በያት።"

ወደ እናቴ ዞርኩ።

"ይታያል በያቸው" አለች።

እንዲህ ሆኖ አዴ ከነዶሮአቸው እኛ ቤት ገቡ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ለእኔም በበጎ ፈቃደኝነቱ ላይ አስተርጓሚነት ተጨመረልኝ። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ማዕድ ቀርበው፣ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም ሳይቀረው፣ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። "ንገሪያቸው፣ ብርድ ልብሱ ሳጥኑ ላይ ነው።" "ንገሪያት፣ አይቼዋለሁ።" ቀን ቀን ጭቃ ስረግጥ ውዬ ማታ ስመለስ ሁለቱም የተጠራቀመ መልእክት ይዘው ይጠብቁኛል። እኔ በሌለሁበት ደግሞ በዶሮዋ በኩል ይነጋገሩ እንደነበር የወዲያኛዋ ጎረቤታችን አጫወተችኝ። አዴ "ዶሮዬ፣ ወተቱ ሊገነፍል ነው" ይላሉ፤ እናቴ ለዶሮዋ "አይቼዋለሁ" ብላ ትመልሳለች። ወተቱ መቼም ለአዴ የሚፈላ ነው፤ እሷ ጾመኛ ናት።

ፍልሰታ መግባቱ በጀን። የእስላም ሥጋ፣ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ጣጣ የለም፤ ሽሮ የሁሉም ነው። አንድ ምሳ ላይ አዴ ጎርሰው አላመጡና፣ "ለእናትሽ ንገሪያት፣ ሽሮዋ ጨው አንሶታል" አሉኝ። እናቴ ቀና ሳትል፣ "ንገሪያቸው፣ የጨው ነጋዴ አግብተው ስለኖሩ ነው የሚያንሳቸው" አለች። መልእክቱን አላደረስኩም፤ አያስፈልግም ነበር። አዴ ጉፍታቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። አዴ በመጀመሪያው ቀን ለሶላት ሲነሱ ወደ ቂብላ ፊታቸውን የሚያዞሩበት ግድግዳ ላይ የእናቴ የማርያም ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። ትንሽ አመነቱ፤ ከዚያ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው ውጭ፣ ጭቃው ላይ ወጥተው ሰገዱ። እናቴ በመስኮት አየቻቸው። በማግስቱ ስነሳ ሥዕሉ በሌላኛው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። "ምነው?" አልኳት። "እዚያ ጋ እርጥበት አለ" አለችኝ። ያ ግድግዳ ከቤታችን ሁሉ ደረቁ ነበር።

ከሶላት ሲነሱ አዴ መስኮቱ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ግቢያቸውን ይጠብቃሉ። እኛ ደግሞ ግቢው ውስጥ እሳቸው እያዩን እንሠራለን። ጭቃው ውስጥ አንድ ልጅ ሲቀልድ ካዩ መስኮቱን ቆርቆር ያደርጋሉ። ግድግዳው አደገ። ኢንጂነሩ ቤቱን ቀጥ አድርጎ ለማቆም ብዙ ደክሟል፤ ጎባጣው ምሰሶ ግን በገባነው ቃል መሠረት መሀል ላይ እንደቆመ ነው። የጣሪያው እንጨት እሱን ተከትሎ አንድ ጎኑ ዘመመ። ኢንጂነሩ ራቅ ብሎ፣ ጭንቅላቱን አዘንብሎ ሲያየው ቆየና "እንዲህ ሆኖ ሲታይ ደህና ነው" አለ።

የጎደለው ቆርቆሮ ነበር። አንድ ሌላ ከተማ የሚኖር የቆቦ ነጋዴ ሊሰጥ ቃል ገብቶ በመኪና ልኬያለሁ ብሏል፤ ቆርቆሮው ግን አልደረሰም። ሊቀመንበሩን ስንጠይቀው ሁልጊዜ "በሂደት ላይ ነው" ይለናል። አንድ ቀን አዴ ጠሩኝ። "ይሄ ሂደት የምትሉት ሰውዬ" አሉኝ፣ "ከደሴ ነው የሚመጣው? ቢያንስ ጣሪያ የሌላት ሴት እየጠበቀችህ ነው በሉት።"

በኋላ ጭምጭምታ ሰማን። ሾፌሩ ተሳስቶ ቆርቆሮውን ጎረቤት ከተማ ሮቢት አራግፎታል ተባለ። እኔና ኢንጂነሩ ልናስመልስ በሚኒባስ ሄድን። ኢንጂነሩ መንገዱን ሙሉ የሚናገረውን ሲለማመድ ነበር። "ሕጋዊ አካሄድ" የሚል ቃልም ነበረበት። ሮቢት ስንደርስ ቆርቆሮው የለም። አለ ማለቴ፣ ግን ተመትቷል። ዓይናቸው የደከመ የአንድ ሽማግሌ ቤት ላይ ያብለጨልጫል። ሽማግሌው በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃችንን ሲሰሙ ተነሱና እጃችንን ፈልገው ያዙ።

"እናንተ ናችሁ ቆርቆሮውን የላካችሁልኝ?"

ኢንጂነሩን አየሁት። አፉ ተከፍቶ ተዘጋ።

"አዎ አባባ" አላቸው።

ከዚያማ የምርቃቱን ብዛት ተይው። ራሳችን ላይ እንትፍ እንትፍ አሉብን፤ ማንጎ አሸከሙን። በቆርቆሮ ፋንታ ማንጎና ምርቃት ይዘን ገባን። እንዴት አድርጌ እንደምነግራቸው እየጨነቀኝ አዴ ፊት ቆምኩ። ሙሉውን ሰሙኝ።

"ሰውየው አያፈስበትም?" አሉ።

"አያፈስም አዴ።"

"እንግዲያ አትንኩት" አሉና አንዱን ማንጎ አንስተው አሸተቱት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ መስኮቱ ላይ ቁጭ ብለው የጣሪያ እንጨት ብቻ የሆነውን ቤታቸውን ሲያዩ፣ ፊታቸውን ላለማየት በሌላ በር ወጣሁ። ክረምቱ ሲያልቅ እኛ ወደ ትምህርታችን እንበተናለን። ከዚያ በኋላ ማን ያስታውሰዋል? እሳቸውም ይህንን ያውቁት ነበር።

ጾሙ ሊፈታ ሲል በአንድ ቀትር ላይ ነፋሱ ተነሳ። ግድግዳው ዝናብ እንዳይመታው የጣሪያው እንጨት ላይ ፕላስቲክ ሸራ ወጥረን ነበር። እኛ ጥላ ሥር ምሳችንን ስንበላ ነፋሱ ሸራውን ነቅሎ እንደ ባንዲራ ያርገበግበው ጀመር። እኛ እጃችንን እስክንጠርግ አዴ መስኮቱን ትተው፣ በሩን አልፈው፣ አጥሩን ዞረው መሰላሉ ላይ ወጥተዋል። ቀሚሳቸውን ታጥቀው፣ በአንድ እጃቸው መሰላሉን፣ በሌላው የሸራውን ጫፍ ይዘው ነፋሱ ያወዛውዛቸዋል። ኢንጂነሩ "እናቴ! እናቴ!" እያለ መሰላሉን ዙሪያውን ይሮጣል። ተከትሎ ለመውጣት የደፈረ የለም።

ያኔ እናቴ ማማሰያዋን እንደያዘች ከማድ ቤት ወጣች።

"አንቺ! ውረጂ! ትሰበሪያለሽ!"

"ንገሪያቸው" የለም፣ "እሳቸው" የለም። አንቺ። አዴ መሰላሉ ላይ እንዳሉ ቀስ ብለው ዞሩ።

"ማን ነው አንቺ ያለኝ?"

"እኔ ነኝ።"

"ስንት ዓመት ዝም ብለሽ ኖረሽ አፍሽን የከፈትሽው ለመሳደብ ነው?"

"ውረጂና ልሰድብሽ" አለች እናቴ።

አዴ ወረዱ። ኢንጂነሩ ወጥቶ ሸራውን አሰረ። ወዲያው ዝናቡ ወረደና ሁሉም በየፊናው ሲሮጥ፣ ሁለቱ ያ ያጣላቸው ማድ ቤት ጥግ ሥር ተጠለሉ። ውሃው ከቆርቆሮው እየወረደ ከፊታቸው እንደ መጋረጃ ሆነ። እኔ ከቤት ውስጥ አያቸዋለሁ። እናቴ ማማሰያውን እያወዛወዘች ትናገራለች፤ አዴ አገጫቸውን አውጥተው ይመልሳሉ፤ አንዳንዴ ሁለቱም እኩል ይናገራሉ። ዝናቡ ሲያባራ እናቴ ዓይኗ ቀልቶ ገባች። አዴ ከኋላዋ ተከትለው ገቡና "ይቺ ልጅ ምሳዋን በላች?" አሏት። እሷን ነው የጠየቋት፤ ቀጥታ። የእኔ ሥራ በዚያች ሰዓት አበቃ። ከዚያ በኋላ ወሬያቸውን ማቆም እንጂ ማገናኘት አላስቸገረኝም።

ነጋዴው ሁለተኛ ቆርቆሮ የላከው በሶለል በዓል ሰሞን ነው። ሴቶቹ በጎ ፈቃደኞች ጠጉራችንን ተሠርተን፣ አጊጠን በየሰፈሩ እየጨፈርን ነበር። ኢንጂነሩ ቆርቆሮውን ሊረከብ ሰው ፈልጎ ሲያጣ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ እንደቆመ ከበብነውና ስሙን እያነሳን ዘፈንንለት። የሚሰጠን ስለሌለው አካፋውን ሰጠን። አዴ በእናቴ በር ላይ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር።

የመጣው ቆርቆሮ ግን ጣሪያውን አልጨረሰውም። በእኛ አጥር በኩል ያለው ክፍት ቀረ። ሊቀመንበሩ "ሂደት" ሊል አፉን ሲያሞጠሙጥ እናቴ ቀደመችው።

"ያንን አውርዱት" አለች፤ ማድ ቤቷን በጣቷ እያሳየች።

"ማድ ቤቱስ?" አላት ኢንጂነሩ።

"ተወው። ከዚህ በላይ እንዲያጣላኝ አልፈልግም።"

አዴ ወገባቸውን ይዘው ቆርቆሮው ሲወርድ አዩ። "በግድግዳዬ ሲወርድ የኖረው ውሃ አሁን ደግሞ በአናቴ ሊመጣ ነው?" አሉ። እናቴም "አርፈሽ እንጨቱን ያዥላቸው" አለቻቸው፤ ያዙላቸው። አሮጌው ቆርቆሮ ከአዲሱ ጎን ጠቁሮ፣ የእናቴን የወጥ ጭስ እንደለበሰ ተመታ። ማድ ቤታችን ራቁቱን ቀረ። እናቴ ያን ሰሞን ዝናብ ሲመጣ ድስቷን ይዛ አዴ ጋ ትሮጥ ነበር።

የምርቃቱ ቀን ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገና ለአዴ ትልቅ ቁልፍ አስረከባቸው። ቁልፉ የምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የአዴ በር መቀርቀሪያ እንጂ ቁልፍ አልነበረውም። ፎቶ አንሺው "እናቴ፣ እስኪ ትንሽ ደስ ይበልዎት" አላቸው። አዴ ቁልፉን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያ እጃቸውን ዘረጉና ዱዓ አደረጉልን። "አላህ ጀዛችሁን ይክፈላችሁ። እድሜ ይስጣችሁ፣ ትዳር ይስጣችሁ። ለእናንተ ደግሞ ቤታችሁን የሚያድስ አይላክባችሁ።" ሁላችንም "አሚን" አልን። የሊቀመንበሩ አሚን ከሁሉም ይጮህ ነበር።

ትምህርት ሲከፈት ሄድኩ። እናቴ እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች። ቀድሞ ጥሪያችን አጭር ነበር፤ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ በቃ። ከዚያ ክረምት በኋላ ግን እናቴ ስትናገር ከኋላዋ አዴ ያርሟታል። "ሽንኩርት ተወደደ" ስትለኝ ከወዲያ "አልተወደደም፣ መግዛት አታውቂበትም" የሚል ይመጣል። "አሞኝ ነበር" ስትለኝ "ውሸቷን ነው፣ ስትበላ ነው የዋለችው" ይከተላል። አንዳንዴ እኔን ስልኩ ላይ ረስተው ይጨቃጨቃሉ። እኔም የተማሪ መኝታ ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ ካርዱ እስኪያልቅ ዝም ብዬ አዳምጣቸዋለሁ።

ሁለት ዓመት እንዲያ ሄደ። በሦስተኛው፣ በበጋው፣ እናቴ እሑድ ባልሆነ ቀን ደወለች። ከኋላዋ ድምፅ አልነበረም።

"አዴ አረፈች" አለችኝ። "ለሱብሒ ሶላት ሳትነሳ ቀረች። ሄጄ ብቀሰቅሳት..."



"ሴቶቹ መሀላቸው አስቀመጡኝ" አለች ቆይታ። "የሐዘኗ ባለቤት አንቺ ነሽ አሉኝ። ሦስቱንም ቀን እዚያው ዋልኩ።"

"ደግ አደረግሽ እማ።"

"ትናንት ሁሉም ተበተነ። ራቴን ብቻዬን በላሁ።"

እኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጊዜ ጀምሮ፣ አዴ እስኪመጡ ድረስ፣ እናቴ ራቷን ብቻዋን ነበር የምትበላው። አንድም ቀን ግን ነግራኝ አታውቅም።